ቤታቸው የተማሩ ልጆች የት ይፈተናሉ? የግል ተፈታኞችና የፈተና ማዕከል ፍለጋ

ለዓመታት በቤቱ ሲያጠና የቆየ ተማሪ እውቀቱን የሚያረጋግጥለትን የምስክር ወረቀት የሚያገኘው፣ አንድ እውቅና ያለው ተቋም በሩን ከፍቶ ሲያስፈትነው ብቻ ነው። ይህን ዘግይቶ የተረዳ ቤተሰብ ቢያንስ የአንድ ዓመት ጊዜ ሊያጣ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል፣ ናይሮቢ ውስጥ የሚኖርን አንድ ቤተሰብ ማሰብ ይቻላል። የ16 ዓመት ልጃቸው በቤቷ ስትማር ቆይታለች። መጻሕፍቱ ተገዝተዋል፤ ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች ተሠርተዋል። እናቷ በመጋቢት ወር ለትምህርት ቤቶች ስልክ መደወል ትጀምራለች። የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የሚያስፈትነው የራሱን ተማሪዎች ብቻ እንደሆነ ይነግራታል። ሁለተኛው ልጅቷ ያጠናችውን የትምህርት ዓይነት አይሰጥም። ሦስተኛው ፈቃደኛ ቢሆንም ምዝገባው ከሳምንታት በፊት ተዘግቷል። ልጅቷ ለፈተናው ዝግጁ ናት፤ የምትቀመጥበት ወንበር ግን የለም።

እንዲህ ያለው እክል በቤታቸው የሚማሩ ልጆችን ብቻ አይገጥምም። ከአገር አገር የሚዘዋወሩ፣ በጦርነት ወይም በሕመም ከትምህርት ገበታ የተለዩ፣ ሥራ ይዘው ትምህርታቸውን ለመጨረስ የሚጥሩና ውጤታቸውን ማሻሻል የሚፈልጉ ሁሉ ሊገጥማቸው ይችላል።

የግል ተፈታኝ ማን ነው?

የግል ተፈታኝ የሚባለው በሚፈተንበት ተቋም የመደበኛ ተማሪነት ምዝገባ የሌለው ተፈታኝ ነው። ትምህርቱን ያገኘው ከወላጆቹ፣ ከአስጠኚ፣ በኢንተርኔት ከሚሰጥ ትምህርት ወይም ከራሱ ጥረት ሊሆን ይችላል። የፈተና ወረቀቱም ሆነ የእርማቱ መመዘኛ ለመደበኛ ተማሪዎች ከሚሰጠው የተለየ አይደለም።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። የዛሬው የካምብሪጅ ዓለም አቀፍ ፈተናዎች ድርጅት መነሻ የሆነው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፈተናዎች አካል የተቋቋመው እ.አ.አ በ1858 ሲሆን፣ ዓላማውም የዩኒቨርሲቲው አባል ያልሆኑ ወጣቶችን በየከተሞቻቸው ሆነው እንዲፈተኑ ማድረግ ነበር። የመጀመሪያው ፈተና በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በተለያዩ የእንግሊዝ ከተሞች ተሰጥቷል። በኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የ12ኛ ክፍል ፈተና በልማድ የሚጠራበት "ማትሪክ" የሚለው ስምም፣ ተማሪዎች ከለንደን ለሚመጣ የመግቢያ ፈተና ይቀመጡ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል።

በምሥራቅ አፍሪካ በቤታቸው ለሚማሩ ልጆች ከሚመረጡት ፈተናዎች መካከል በካምብሪጅና በፒርሰን ኤዴክሴል የሚዘጋጁት አይጂሲኤስኢ እና ኤ-ሌቭል ይገኙበታል። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ በ16 ዓመት ገደማ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሚሰጥ ሲሆን ለዩኒቨርሲቲ መግቢያነት ያገለግላል። ሁለቱም በበርካታ አገሮች ስለሚታወቁ ኑሮው ባልተረጋጋ ቤተሰብ ዘንድ ተፈላጊ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ድርጅቶች የግል ተፈታኝን በቀጥታ አይመዘግቡም። ተፈታኙ በቅድሚያ እውቅና የተሰጠው የፈተና ማዕከል ማግኘት አለበት። ስሙን የሚያስተላልፈው፣ ክፍያውን የሚቀበለው፣ የፈተና ወረቀቱን የሚያስቀምጠውና ውጤቱን የሚሰጠው ማዕከሉ ነው። ሁኔታው በአሜሪካው የኤስኤቲ ፈተና ካለው የተለየ ነው። በኤስኤቲ ተፈታኙ ራሱ በኢንተርኔት ተመዝግቦ የፈተና ቦታውን ይመርጣል፤ በቤታቸው ለሚማሩ ተማሪዎችም የተለየ መለያ ቁጥር ተዘጋጅቷል። ነገር ግን ኤስኤቲ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ መለኪያ እንጂ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት አይደለም።

ማዕከላት ለምን እምቢ ይላሉ?

የግል ተፈታኝን የመቀበልና ያለመቀበል ውሳኔ የማዕከሉ ነው። እምቢ የሚሉ ትምህርት ቤቶች የራሳቸው ምክንያት አላቸው።

አንደኛው ኃላፊነት ነው። የፈተና ወረቀቶች ከፈተናው ቀን ቀድመው ስለሚደርሱ በተቆለፈና ጥቂት ሰዎች ብቻ በሚገቡበት ክፍል መቀመጥ አለባቸው። ወረቀት ቢሾልክ ወይም ኩረጃ ቢፈጸም ማዕከሉ ፈቃዱን እስከመነጠቅ የሚደርስ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል። ለዓመታት የሚያውቃቸውን ተማሪዎች የሚያስፈትን ርዕሰ መምህር፣ በፈተና ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየውን ወጣት ለመቀበል ቢያመነታ የሚገርም አይደለም።

ሁለተኛው ወጪ ነው። በካምብሪጅ ደንብ መሠረት በጽሑፍ ፈተና ቢያንስ ለ30 ተፈታኞች አንድ ፈታኝ ይመደባል። ትምህርት ቤቱ የማያስተምረውን የትምህርት ዓይነት የሚፈተን አንድ ተማሪ ብቻ ቢመጣ እንኳ ክፍል ማዘጋጀትና ፈታኝ መመደብ ግድ ይላል።

ሦስተኛው ተማሪውን አለማወቅ ነው። ማዕከሉ በቤት ወይም በትምህርት ቤት የሚሠራን ሥራ እንዲያርም ሲጠየቅ፣ ሥራው በእርግጥ የተማሪው ስለመሆኑ ማረጋገጫ መስጠት ይኖርበታል። በቤቱ ለተማረ ልጅ ይህን ማረጋገጫ መስጠት የሚችል መምህር በማዕከሉ አይኖርም።

ማዕከሉን የት መፈለግ ይቻላል?

የመጀመሪያው መነሻ የፈተና ድርጅቶቹ ድረ ገጾች ናቸው። ካምብሪጅም ሆነ ፒርሰን በየአገሩ ያሉ እውቅና ያላቸው ተቋማትን መፈለጊያ አላቸው። ሆኖም በዝርዝሩ ላይ መገኘት ብቻውን የግል ተፈታኝ ይቀበላል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱን ማዕከል ማነጋገር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ብሪቲሽ ካውንስል ነው። ተቋሙ በበርካታ አገሮች የእነዚህን ፈተናዎች ምዝገባ ያስተናብራል፤ የግል ተፈታኞችን የሚቀበልባቸው ከተሞችም አሉ። የሚሰጠው የፈተና ዓይነትና ቦታ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ በሚኖሩበት አገር ያለውን ቢሮ መጠየቅ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው የግል ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ናቸው። በስልክ ሲጠየቁ ከእንግዳ ተቀባይ ሠራተኛ ይልቅ የፈተናዎች ኃላፊውን ማነጋገር ይሻላል፤ ደንቡን የሚያውቀው እርሱ ነውና። ጥያቄውም ግልጽ መሆን አለበት፦ የትኛው ድርጅት፣ የትኛው የትምህርት ዓይነት፣ በየትኛው መለያ ቁጥር፣ በየትኛው ወር። "ልጄን ታስፈትኑልኛላችሁ?" ከሚለው አጠቃላይ ጥያቄ ይልቅ፣ ዝርዝሩ የተጻፈበት አጭር ደብዳቤ የተሻለ ምላሽ ያስገኛል።

ከክፍያ በፊት ማዕከሉ በእርግጥ እውቅና ያለው መሆኑን ከፈተና ድርጅቱ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። "እናስመዘግብላችኋለን" የሚሉ አስጠኚ ተቋማት ሁሉ ማዕከል አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ተማሪውን ወደ ሌላ ማዕከል የሚያስተላልፉ ናቸው። የማዕከሉን ቁጥር፣ የተመዘገቡትን የትምህርት ዓይነቶች የሚያሳይ ማረጋገጫና የክፍያ ደረሰኝ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የትምህርት ዓይነት ምርጫና ማዕከሉ

ብዙ ቤተሰብ በቅድሚያ መጽሐፍ ገዝቶ፣ አጥንቶ፣ በመጨረሻ ማዕከል ይፈልጋል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ችግሩን ያቀላል። ምክንያቱም አንድ የትምህርት ዓይነት በተለያዩ መንገዶች ሊፈተን ይችላል፤ አንዳንዶቹ መንገዶች ለግል ተፈታኝ ዝግ ናቸው።

የካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የተግባር ችሎታን ለመለካት ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በቤተ ሙከራ የሚሠራ ፈተና ነው። ሁለተኛው፣ ወረቀት 6 ተብሎ የሚታወቀው፣ ስለ ሙከራዎች በጽሑፍ ብቻ የሚጠይቅ ነው። ቤተ ሙከራ ለሌለው ተማሪ ሁለተኛው ይመቻል። በፒርሰን ኤዴክሴል ደግሞ በዚሁ ደረጃ የተለየ የቤተ ሙከራ ፈተና የለም፤ የተግባር ጥያቄዎቹ በጽሑፍ ፈተናው ውስጥ ይካተታሉ።

በኤ-ሌቭል ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። የካምብሪጅ የሳይንስ ትምህርቶች በቤተ ሙከራ የሚሰጥ አስገዳጅ የተግባር ፈተና ስላላቸው፣ የግል ተፈታኝን በቤተ ሙከራው የሚያስተናግድ ማዕከል ማግኘት ይጠይቃሉ። የፒርሰን ዓለም አቀፍ ኤ-ሌቭል ግን የተግባር ክህሎትን በጽሑፍ ይፈትናል። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን ለሚያስብ በቤቱ የሚማር ወጣት፣ የትኛውን መጽሐፍ እንደሚገዛ የሚወስነው ይህ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

በቋንቋ ትምህርቶችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ቋንቋ ፈተና ሁለተኛውን ክፍል በጽሑፍ ፈተና ወይም ቀድሞ ተሠርቶ በሚቀርብ የጽሑፍ ስብስብ ማጠናቀቅ ያስችላል፤ ለግል ተፈታኝ የሚስማማው ፈተናው ነው። የንግግር ፈተና ያለባቸው ቋንቋዎች ደግሞ ማዕከሉ ብቁ ጠያቂ እንዲኖረው ይጠይቃሉ።

የማየት ችግር፣ የንባብ እክል ወይም ሌላ የጤና ሁኔታ ያለበት ተማሪ ተጨማሪ ሰዓት ወይም ጎላ ባለ ፊደል የታተመ ወረቀት ማግኘት ይችላል። ማመልከቻውን የሚያቀርበው ግን ማዕከሉ ነው፤ የባለሙያ ማስረጃም ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉዳዩ በመጀመሪያው ውይይት ላይ መነሳት አለበት።

ቀነ ገደብና ክፍያ

በካምብሪጅ አሠራር፣ ለግንቦትና ሰኔው ፈተና ማዕከላት የተፈታኞችን ስም የሚያስተላልፉበት ቀነ ገደብ በአብዛኛው በየካቲት፣ ለጥቅምትና ኅዳሩ ደግሞ በነሐሴ ላይ ይውላል። ማዕከላት ለግል ተፈታኞች የሚያወጡት የውስጥ ቀነ ገደብ ከዚህም ሊቀድም ይችላል። ካለፈ በኋላ የሚመዘገብ ሰው፣ ከተፈቀደለት፣ የቅጣት ክፍያ ይጠብቀዋል።

በመሆኑም ፈተናው ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ማዕከል መፈለግ መጀመር የተጋነነ ጥንቃቄ አይደለም።

ክፍያው ሁለት ክፍል አለው። አንዱ የፈተና ድርጅቱ ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የሚጠይቀው ሲሆን፣ ሌላው ማዕከሉ ለአገልግሎቱ የሚጨምረው ነው። ሁለተኛው ከማዕከል ማዕከል በእጅጉ ስለሚለያይ፣ ሁለትና ሦስት ማዕከላትን ማነጻጸር ወጪ ይቀንሳል። መነሻው የውጭ ምንዛሪ መሆኑም ሸክሙን ያከብደዋል። በኢትዮጵያ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ገቢው በብር ለሆነ ወላጅ የፈተናው ዋጋ በዚያው ልክ ጨምሯል ማለት ነው። ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች በአንድ ጊዜ ከመፈተን ይልቅ በሁለት ወይም በሦስት ዙር መክፈል አንዱ አማራጭ ነው።

ስም፣ የልደት ቀንና ሰዓት

ለአካባቢው ተማሪዎች ትንሽ የሚመስሉ ነገር ግን ብዙ የሚያስከፍሉ ስህተቶች አሉ። አንድን የአማርኛ ወይም የትግርኛ ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መንገድ መጻፍ የተለመደ ነው። የምስክር ወረቀቱ ግን የሚታተመው በምዝገባው ላይ በሰፈረው ስም ነው። ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ከዓመታት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ኤምባሲ ፊት ጥያቄ ያስነሳል። የአባት ስምና የአያት ስም በየትኛው ሳጥን እንደሚገባም ከማዕከሉ ጋር መስማማት ያሻል።

የልደት ቀን ከኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ወደ ጎርጎሮሳዊው ሲለወጥም እንዲሁ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት በግምት ሲሰላ፣ ተማሪው በአንዱ ሰነድ ላይ ከሌላው በአንድ ዓመት ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል።

ሰዓትም ያሳስታል። በፈተና ሰሌዳ ላይ 9:00 ተብሎ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድም እንዲሁ "ሦስት ሰዓት" ይባላል።

የግል ተፈታኝ በፈተና ቀን ፎቶግራፍ ያለው መታወቂያ ማሳየት ይጠበቅበታል። ስደተኞችና ፓስፖርታቸው ጊዜው ያለፈባቸው ሰዎች የትኛው ሰነድ ተቀባይነት እንዳለው ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ብሔራዊ ፈተናዎችስ?

የውጭ ፈተና ለብዙ ቤተሰብ ውድ ነው። የአገር ውስጥ ፈተና ዋጋው ዝቅ ቢልም መንገዱ ከአገር አገር ይለያያል።

በታንዛኒያ የብሔራዊ ፈተናዎች ምክር ቤት ለግል ተፈታኞች የተለየ ሥርዓት አለው። የግል ተፈታኞች የሚመዘገቡባቸው ማዕከላት ከትምህርት ቤቶች የተለየ መለያ ፊደል አላቸው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያላለፉ ሰዎችም በመጀመሪያ የብቃት መለኪያ ፈተና ወስደው ወደ ዋናው ፈተና የሚሸጋገሩበት ዕድል ተዘጋጅቷል። ሕጋዊ መንገዱ አስቀድሞ ስለተዘረጋ ተፈታኙ የትምህርት ቤትን መልካም ፈቃድ ከመለመን ይድናል።

በኬንያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናን በግል መውሰድ ይቻላል፤ ምዝገባው የሚካሄደው ለዚሁ በተፈቀዱ ማዕከላት ነው። በውጭ ሥርዓት የተማሩ ደግሞ የቀድሞ ማስረጃቸውን አቻነት አስቀድመው ማስወሰን አለባቸው። በሌላ በኩል እ.አ.አ በ2013 የወጣው የመሠረታዊ ትምህርት ሕግ ወላጆች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት እንዲያስገቡ ስለሚያስገድድ፣ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦች ሕጋዊ አቋም አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል።

በኢትዮጵያ "የግል ተፈታኝ" የሚለው ስያሜ በአብዛኛው የሚሠራው ከዚህ ቀደም ትምህርት ቤት ገብተው ለተማሩና ውጤታቸውን ለማሻሻል ለሚመለሱ ነው። ከትምህርት ቤት የተሰጠ የክፍል ውጤት የሌለው በቤቱ የተማረ ልጅ በዚህ መንገድ መግባት ይከብደዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ፣ የፈተና ስርቆትን ለመከላከል ሲባል፣ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንዲሰጥ መደረጉ ይታወሳል። በዚያ የመጀመሪያ ዙር የማለፊያ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በድጋሚ ለመፈተን የሚፈልጉ ወጣቶች ቁጥር ለምን ቀላል እንደማይሆን ይህ አኃዝ ያሳያል።

የውጭ ፈተና ወስደው ወደ ኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያስቡ ተማሪዎች፣ ስንት የትምህርት ዓይነትና ምን ዓይነት ውጤት እንደሚጠየቅ፣ የአቻ ግምት ከሚሰጠው የመንግሥት አካል ከመመዝገባቸው በፊት ሊጠይቁ ይገባል።

ከፈተናው በኋላ

ውጤትም ሆነ የምስክር ወረቀት የሚላከው ለማዕከሉ ነው። የሰኔው የካምብሪጅ ፈተና ውጤት በነሐሴ ይወጣል፤ የምስክር ወረቀቱ ግን ከዚያ በኋላ ይደርሳል። በዚህ መካከል አገር የሚለቅ ቤተሰብ ወረቀቱን ማን እንደሚቀበልለት በውክልና መወሰን አለበት። ዋናው ከጠፋ የሚሰጠው ውጤቱን የሚያረጋግጥ መግለጫ እንጂ ሁለተኛ የምስክር ወረቀት አይደለም።

ማዕከሉ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። በሱዳን ጦርነቱ የተቀሰቀሰው እ.አ.አ ሚያዝያ 15 ቀን 2023፣ የዓመቱ ፈተናዎች ሊጀመሩ በተቃረቡበት ወቅት ነበር። ካርቱም የነበሩ ተማሪዎች ወደ ግብፅ፣ ኢትዮጵያና ሌሎች ጎረቤት አገሮች ተበትነዋል። የተመዘገበ ተፈታኝን ከአንድ ማዕከል ወደ ሌላ ማዛወር የሚቻልበት አሠራር ቢኖርም፣ ጥያቄውን የሚያቀርበው ማዕከል ነው። ስለዚህ የምዝገባ ማረጋገጫውንና የተፈታኝ ቁጥሩን ቅጂ ከራስ ጋር መያዝ ይጠቅማል።

በር የሚጠብበት ሁኔታ

እ.አ.አ በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የሰኔው ዓለም አቀፍ ፈተና ሲሰረዝ፣ ውጤት የተሰጠው ትምህርት ቤቶች በያዙት ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ትምህርት ቤት ለሌላቸው ተፈታኞች ግን ማስረጃ የሚያቀርብላቸው ማግኘት ከባድ ሆነ። በሌላ ጊዜ ማዕከል የተማሪውን ችሎታ ማወቅ አይጠበቅበትም ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ወሳኙ ይኸው ሆነ።

ዛሬ ደግሞ በአካባቢው የምዘና ሥርዓት ራሱ እየተለወጠ ነው። ኬንያ የስምንተኛ ክፍል የመጨረሻ ፈተናዋን እ.አ.አ በ2023 ሰጥታ ወደ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ተሸጋግራለች። በአዲሱ አሠራር ወደ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ለመመደብ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና 60 በመቶ ይይዛል። የስድስተኛ ክፍል ምዘና 20 በመቶ፣ በሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል በትምህርት ቤት የሚሰጥ ምዘና ደግሞ ቀሪውን 20 በመቶ ይይዛሉ። ዓላማው የልጅን ዕጣ በአንድ ቀን ፈተና ላይ እንዳይንጠለጠል ማድረግ ነው። በቤቱ ለሚማር ልጅ ግን ለፈተናው ቀን ብቻ ወንበር ማግኘት አይበቃውም፤ በየዓመቱ መዝግቦ የሚይዘው ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል።

ያንን የሚያሟላ ሥርዓት እስኪዘረጋ ድረስ፣ በእጅ ያለው መፍትሔ ቀድሞ መጠየቅ ነው። ለመጪው ግንቦት የሚዘጋጅ ተማሪ ያለው ቤተሰብ ማዕከሉን ከመስከረም ባልዘገየ ጊዜ ማነጋገር፣ የማዕከሉን ፈቃደኝነት በጽሑፍ መያዝና መጻሕፍቱን ከዚያ በኋላ መግዛት ይችላል።